«ጆንያ ወድቆብኝ ነው» - እህል በረንዳና የማይነገረው ገበና

ከመሳለሚያ ወደ እህል በረንዳ ስትታጠፉ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ አቧራው ነው። የጤፉ ብናኝ፣ የበቆሎው፣ የጆንያው። አፍንጫውን በመሐረብ የሸፈነ እንግዳ ካዩ ጫኝና አውራጆቹ «የቦሌ ልጆች መጡ!» ብለው ይሳሳቃሉ። አይሱዙው ወደ ኋላ እየሄደ ጥሩምባውን ያስጮኻል፣ ኩንታል የተሸከመ ጎረምሳ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ይመጣባችኋል፤ ካልዘለላችሁ አለቀላችሁ። መርካቶ መቸም ተራው ብዙ ነው፤ ምናለሽ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ዱባይ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ። የአዲስ አበባ እንጀራ ግን ለብዙ ዘመን በዚህ በር ነው ያለፈው።

በ2011 ዓ.ም. ጥርና የካቲት፣ አዲሱ ጤፍ በሚገባበት ሰሞን፣ እዚህ ሰፈር ደጋግሜ ተመላለስኩ። ጤፍ ልሸምት አልነበረም። ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱት ጥያቄዎች መሀል አንዱ ዓይነት እየበዛ ስለመጣ ነው። «ጎረቤቴን ባሏ ይደበድባታል፤ ምን ላድርግ?»፣ «እህቴ ፊቷ አብጦ መጣች፤ ለፖሊስ ልንገር ወይስ ለሽማግሌ?» የሚሉ ናቸው። ከጠያቂዎቹ አንዱ እህል በረንዳ ውስጥ አባቱ መጋዘን የሚሠራ ወጣት ነው። እንዲህ ይላል፦ «እኛ ጋ ጤፍ የሚያበጥሩ ሴቶች አሉ። አንዷ ቶሎ ቶሎ ተጎድታ ትመጣለች። ምን ሆነሽ ስትባል ጆንያ ወድቆብኝ ነው ትላለች። እኛ ጋ ግን ጆንያ የሚሸከሙት ወንዶች ናቸው።»

ይቺ የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ።

ሴቶቹን ለማግኘት ከባድ አይደለም። ከመጋዘኖቹ ደጃፍ ሸራ አንጥፈው፣ ሰፌድና ወንፊት ይዘው፣ ፀጉራቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው ይቀመጣሉ። ቅንድባቸው በብናኙ ነጭ ሆኗል። ለነጋዴው ያበጥራሉ፣ ይነፋሉ፣ እንክርዳዱን ይለቅማሉ፤ አንዳንዶቹ መሬት የፈሰሰውን ጥርጊ ሰብስበው አጣርተው ይሸጣሉ። ያነጋገርኳቸው ካገር ቤት የመጡ ናቸው፤ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከጉራጌ፣ ከወላይታ። አብዛኞቹ «ባለቤቴ» የሚሉት ሰው አላቸው፤ ሰማንያ ያላት ግን አንዷ ብቻ ነበረች።

የመጀመሪያው ቀን ደብተሬን አውጥቼ እንደ ቢሮ ሰው ጠየቅሁ፤ «የቤት ውስጥ ጥቃት ደርሶብሽ ያውቃል?» መልሱ ምን ይሆናል? «ኧረ ጥቃትስ የለም፣ ተመስገን!» በማግስቱ ደብተሩን ትቼ ሰፌድ ይዤ ተቀመጥኩ። አንዷ ራሷ ጀመረች። «የኔው ሰውዬ ሳይጠጣ መልአክ ነው» አለች። ሲጠጣስ? «ሲጠጣማ ያው...»። ከ«ያው» በኋላ የመጣውን ብነግራችሁ ጋዜጣው አይበቃም። ርግጫው፣ የእጇ ስብራት፣ ሌሊት ከነልጇ በር ላይ ማደሩ። ይህን ሁሉ «ጥቃት» ብላ አትጠራውም። «አመሉ ነው»፣ «ባሕርይው ነው»፣ «ቁጡ ነው» ነው የምትለው። የሐኪምም ሆነ የአማካሪ ትምህርት ያላችሁ ወጣቶች ይቺን ያዙልኝ። ስም ጠርታችሁ ከጠየቃችሁ የለም ትላችኋለች፤ «በጥፊ መትቶሽ ያውቃል? ገፍትሮሽ ያውቃል?» ብላችሁ ድርጊቱን ከጠየቃችሁ ትነግራችኋለች።

የዓለም ጤና ድርጅትም ያደረገው ይህንኑ ነው። በ10 አገሮች የተካሄደውና በ1998 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ጥናት ሴቶችን የጠየቀው ድርጊት በድርጊት እየዘረዘረ ነበር። ከአገራችን የተመረጠው የቡታጅራ አካባቢ ነው። ባል ወይም የትዳር ጓደኛ ኖሯቸው ከሚያውቁ ሴቶች 71 ከመቶዎቹ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ በዚሁ ሰው ተደብድበዋል ወይም ተገድደዋል ወይም ሁለቱም ደርሶባቸዋል። ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ነው! ቡታጅራ ብቻውን ክፉ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ ከኛ አገር የተጠየቀው እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው። በ2008 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መሀል እርዳታ የፈለጉት 23 ከመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ከሦስት ሁለቱ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። የተነፈሱትስ ለማን ነገሩ? በአብዛኛው ለጎረቤትና ለቤተሰብ። ሐኪምና ፖሊስ ዘንድ የደረሱት ጥቂት ናቸው።

እንግዲህ እህል በረንዳ ላይ «ጎረቤት» ማለት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከሴቶቹ መሀል ጠና ያሉ አንዲት እትዬ አሉ። ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። ሃያ ዓመት እዚያው ሸራ ላይ ተቀምጠዋል። ልጁ የጻፈልኝ ሴት አንድ ማለዳ ጉንጯ አብጦ ስትመጣ አየሁ። ሌሎቹ ሰላምታ ሰጥተው ዝም አሉ። እትዬም በሰው ፊት ምንም አላሉ። ትንሽ ቆይተው «ነይ እስቲ ወንፊቴን ያዥልኝ» ብለው ወደ መጋዘኑ ጥግ ወሰዷት። ሲመለሱ ልጅቱ ዓይኗን ጠራርጋለች፤ ወንፊቱ ግን ባዶ ነበር።

በኋላ እትዬን ለብቻቸው ጠየቅኋቸው። በሰው ፊት ከጠየቋት ታፍራለች፣ ካፈረች ደግሞ ሁለተኛ ለሥራ አትመጣም አሉ። የቀን ገቢዋን ሰውየው ስለሚቀማት እቁቧን በእትዬ ስም ትጥላለች። የልጁ የክትባት ካርድ፣ የቀበሌ መታወቂያዋ፣ አንድ ቅያሪ ልብስና የታክሲ ገንዘብ በቋጠሮ ታስሮ እትዬ ቤት፣ ከአልጋ ሥር ተቀምጧል። «የከፋ ቀን ከመጣ ባዶ እጇን እንዳትሮጥ ብዬ ነው» አሉኝ። ወዳጆቼ፣ ይህን ነገር ባለሙያዎች «የደኅንነት ዕቅድ» ብለው በሥልጠና ያስተምሩታል። እትዬ ሥልጠና ገብተው አያውቁም።

አንድ ነገር ግን አያውቁም ነበር። ያበጠ ዓይን ካዩ ይደነግጣሉ፤ «አንቆኝ ነበር» ስትላቸው ግን ምልክት ስለሌለው ቀለል አድርገው ነበር ያለፉት። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ባሏ አንቋት የሚያውቅ ሴት በዚያው ሰው እጅ የመሞቷ አደጋ ካልታነቀችው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ጥናቶች ያሳያሉ። ከውጭ ጭረት ሳይታይ ከውስጥ ጉሮሮና የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል። ድምፅዋ ከጎረነነ፣ መዋጥ ካቃታት፣ ራሷን ስታ ከነበረ ሐኪም ቤት መሄድ አለባት። ሌላው አደገኛ ጊዜ ጥላው ልትሄድ ስትነሳና እንደሄደች ያሉት ሳምንታት ናቸው። «ውጪለት!» ብሎ መምከር ለመካሪው ቀላል የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ሌሊቱን የምታድረው እሷ ናት።

አሁን ወደ ወንዶቹ ልውሰዳችሁ። በእህል በረንዳ ደላላ ማለት ተራ ሰው አይምሰላችሁ። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ከማስጀመራቸው በፊት ያጠኑት እነዚህን የእህል ደላሎች ነበር። የጎጃሙ ነጋዴ ያላየውን የአዲስ አበባ ገዢ የሚያምነው በደላላው ቃል ነው። ቃሉ የከበደ ሰው ደግሞ ለእህል ብቻ አይፈለግም፤ ለእርቅም ይጠራል። ያነጋገርኳቸው ጋሼ ሠላሳ ዓመት ደልለዋል፤ ስንት ባልና ሚስት እንዳስታረቁ መቁጠር ትተዋል።

«እንዴት ነው የምታስታርቁት?» አልኳቸው። ሁለቱንም ያስቀምጣሉ። ባል ይናገራል። ሚስት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ መሬት ታያለች። ከዚያ ፍርዱ ይመጣል፦ «አንቺም አፍሽን ሰብስቢ፣ አንተም እጅህን ሰብስብ።» ጉልበት ይሳማል፣ ቡና ይፈላል፣ አለቀ።

እውነቱን ልናገርና እህል ላይ ቢሆን ጋሼ እንዲህ አይፈርዱም። ጤፍ ውስጥ አሸዋ የቀላቀለውንና አሸዋውን የገዛውን ጎን ለጎን አስቀምጠው «ሁለታችሁም ተስተካከሉ» ብለው አያሰናብቱም። ይህንኑ አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ቤት እንዳይፈርስ ብለን ነው እኮ» አሉ። ክፋት የለባቸውም። ግን እስቲ አስቡት፤ ማታ ከሰውየው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የምታድር ሴት እሱ ፊት ምን ትናገራለች? «ምንም የለም፣ ታርቀናል» ትላለች። ሽማግሌውም እውነት ይመስለዋል።

ታዲያ ሽማግሌውን እንተወው? ይህን የሚሉ አሉ፤ በተለይ ከተማ ያደግን። «ክሰሺው! ፍቺው!» እንላለን። እሷ ግን ከሰውየው ስትወጣ የምትወጣው ከሱ ብቻ አይደለም። የተከራየችው ቤት በስሙ ነው፣ እድሩ በስሙ ነው፣ ነገ ብትሞት የሚቀብራት ያ እድር ነው። ያገሯ ሰው «ባሏን ያሳሰረች» ካላት የምትጠጋበት የላትም። ሁለተኛዋ ያነጋገርኳት ሴት ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። አማርኛዋ ስላልጠራ አስተርጓሚ ተፈለገ፤ በር ላይ የቆመው የባሏ አጎት ልጅ ተጠራላት! እሷም «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ብላ ወጣች። ነርሷ ለመርዳት ነበር የፈለገችው። አስተርጓሚ ሲፈለግ ዘመድም፣ ያገር ልጅም፣ ያንድ እድር ሰውም መሆን የለበትም። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ እትዬ ያለ ወንፊት ለምን እንደማይጠሯት ማየት ይበቃል።

የነፍስ አባትም አሉ። እህል በረንዳ ላይ ብዙዋ ሴት ከሐኪም በፊት ለነፍስ አባቷ ትነግራለች፣ ወይም ጠበል ትወስደዋለች። ሮሚና ኢስትራቲ የምትባል ተመራማሪ አክሱም አካባቢ ተቀምጣ ይህንኑ አጥንታለች፤ መጽሐፍም አውጥታበታለች። ካህናቱ በየቤቱ ጠብ መሀል የሚገቡ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን ለዚህ ሥራ ብሎ ያሰለጠናቸው አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. በለንደኑ ሶአስ ዩኒቨርሲቲ ሥር «ድልድል» የሚባል ፕሮጀክት ጀመረች፤ ከቤተ ክርስቲያኒቱ የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ጋር ሆነው ካህናትን ስለ ጉዳዩ አሰልጥነዋል። የሚያስተምሩት ከውጭ በመጣ ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷ መምህራን ቃል አለ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው መቶ ዘመን ሚስቱን የሚመታ ባል የሚያዋርደው ራሱን እንደሆነ፣ ለዱላ የሚያበቃ የሚስት ጥፋት እንደሌለም ሰብኳል። «ቻይው፣ መስቀልሽ ነው» የሚሉ አባት ካጋጠሟችሁ ይህን በትሕትና አስታውሷቸው። መርካቶ ላይ ራጉኤልና ታላቁ አንዋር መስጊድ ጎረቤታሞች ናቸውና ለሙስሊሟ እህታችንም ልጨምር፤ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሴትንም አገልጋይንም በእጃቸው መትተው እንደማያውቁ የሚናገረው ሐዲስ የተላለፈው ከባለቤታቸው ከአይሻ ነው። ኢማሙም ያውቁታል።

ሕጉንስ? እትዬም ጋሼም «ባልና ሚስት መሀል ሕግ አይገባም» የሚሉ ነበሩ። ይገባል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን ወይም ያለ ጋብቻ አብራው የምትኖርን መጉዳት ራሱን ችሎ ጠቅሶ ያስቀጣል። ሰማንያ የሌላት «እኔ ምን መብት አለኝ?» እንዳትል! የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው ይላል፤ ሽማግሌ ሊያስታርቅ ይችላል እንጂ «አትፋቺም» ብሎ ማገድ አይችልም። ያለ ጋብቻም ቢሆን እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ ሦስት ዓመት አብረው ከኖሩ በዚያ ጊዜ ያፈሩት በመርሕ ደረጃ የጋራ ነው። ክፍተትም አለው፤ የወንጀል ሕጉ አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም ከጋብቻ ውጭ ያለውን ብቻ ነው ያነሳው። ሕክምናው ግን ሰማንያ አይጠይቅም። የተገደደች ሴት በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰች ኤች.አይ.ቪን የሚከላከል መድኃኒት ይሰጣታል፤ ያልተፈለገ እርግዝናም ይከላከሉላታል። ቶሎ በደረሰች ቁጥር ይሻላል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪሙም፣ አማካሪውም፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕጉም ባንድ ጣሪያ ሥር እንዲገኙ ተብሎ የተቋቋመ ማዕከል አለ፤ ታሪኳን አምስት ቦታ እንዳትደግመው ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተው የኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ያለ ክፍያ የሕግ ምክር በመስጠት ይታወቃል። ማሪያ ሙኒር የመሠረቷት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ደግሞ መጠለያ አላት።

ለናንተ ለወጣቶቹስ? ጓደኛችሁ ወይም ጎረቤታችሁ «ጆንያ ወድቆብኝ ነው» ብትላችሁ አታፋጥጧት። «ካላመመሽ እሺ፤ ግን ማውራት ከፈለግሽ እኔ አለሁ» ብላችሁ ተዉት፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ቀን ጠይቋት። ስትነግራችሁ «ምን አድርገሽው ነው?» ከአፋችሁ እንዳይወጣ። «ያንቺ ጥፋት አይደለም» በሏት፤ ይህን ከማንም ሰምታ ላታውቅ ትችላለች። ስልኳ ላይ «ደህና አደርሽ? ዛሬስ መታሽ?» ብላችሁ አትጻፉ፤ ስልኳን የሚፈትሽ ባል ያነበዋል። ሰውየውን ሄዳችሁ አትደንፉበት፤ እናንተ ስትሄዱ ሒሳቡን የሚያወራርደው ከሷ ጋር ነው። ልትመለስ ከወሰነችም አትኩረፏት። ብዙዎቹ ወጥተው ይመለሳሉ፤ የኮረፈ ጓደኛ ለሚቀጥለው ጊዜ አይገኝም። ጩኸት ስትሰሙ ደግሞ ሰበብ ፈጥራችሁ በሩን አንኳኩ፤ ጨው ተበደሩ፣ ክብሪት ጠይቁ። እጁን የዘረጋ ሰው በር ሲንኳኳ ይበርዳል። ነፍስ የሚያሰጋ ከሆነ ግን ፖሊስ ነው፤ ጨው ሌላ ጊዜ ይደርሳል።

ጋሼን ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳገኛቸው ወሬ ነበራቸው። የልጅቱ ጉዳይ ለሽምግልና ቀርቦላቸው ነበር። የዚያን ዕለት ሁለቱን ባንድ ላይ አላስቀመጡም። መጀመሪያ ባለቤታቸውንና እትዬን ወደ ሴትየዋ ላኩ፤ ለብቻዋ አነጋገሯት። መታነቋን ጋሼ የሰሙት ያኔ ነው። ከዚያ ሰውየውን ብቻውን ጠርተው ሦስት ሽማግሌ ሆነው ተቀመጡበት። «አንቺም አፍሽን» የሚለው ፍርድ አልተነገረም። እስክትፈልግ ድረስ ደጇ እንዳይደርስ፣ ቢደርስ ለፖሊስ የሚያመለክቱት ሽማግሌዎቹ ራሳቸው እንደሆኑ ነገሩት፤ የልጁንም ቀለብ በየወሩ ለጋሼ እንዲያስረክብ ተስማማ።

«ቤቱስ ፈረሰ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ነገር ፍለጋ ነው።

«እሱን እሷ ታውቃለች» አሉኝ ጋሼ፣ የአድአ ጤፍ የጫነ መኪና እየገባ ስለነበር ፊታቸውን እያዞሩ።

ሴትየዋ ያኔ እትዬ ቤት ነበረች፤ ቋጠሮው ተፈትቷል። ትመለስ አትመለስ አልቆረጠችም። አንዳንድ ማታ ልጁ አባቱን ሲጠራ ልቧ ይከፈላል አለችኝ። እቁቧ የሚደርሳት ሚያዝያ ላይ ነበር፤ በገንዘቡ ለሁለት ወር የሚሆን ቤት ልትከራይ እያፈላለገች ነበር፤ ከመሳለሚያ ሳትርቅ፣ ማለዳ በእግሯ ሥራ የምትደርስበት።